«ዲግ» ወይስ «ዲግ አፕ»? የመንገድ ቁፋሮ በእንግሊዝኛ

ጠያቂ፦ ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ባለ እንግዳ ማረፊያ በር ላይ የሚለጠፍ የእንግሊዝኛ ማስታወቂያ እያዘጋጀሁ ነው። ፊት ለፊት ያለው መንገድ ለውኃ መስመር እየተቆፈረ ነው፤ ግማሹ አስፋልት፣ ግማሹ ኮብልስቶን። «ዲግ ዘ ሮድ» ልበል ወይስ «ዲግ አፕ ዘ ሮድ»? ቁፋሮ ወደ ታች ሆኖ ሳለ «አፕ» ምን ይሠራል?

መላሽ 1፦ «ዲግ አፕ» በል። እኛ ጉድጓዱንም መንገዱንም «ቆፈርን» ስለምንል ነው የሚምታታው። በቁፋሮው የሚፈጠረው ጉድጓድ ወይም ቦይ ከሆነ «ዲግ» ብቻውን ይበቃል። የነበረ ንጣፍ ተሰብሮ ሲነሣ ግን «ዲግ አፕ» ነው፤ «አፕ» ከቦታው ተነቅሎ የሚወጣውን ያሳያል። ሠራተኞቹ መንገዱን «ዲግ አፕ» አድርገው የቧንቧውን ቦይ «ዲግ» ያደርጋሉ።

መላሽ 2፦ ትክክል። አቀማመጡ ላይ ግን ተጠንቀቅ። «ዲግ አፕ ዘ ሮድ»ም «ዲግ ዘ ሮድ አፕ»ም ይሆናል። በተውላጠ ስም ስትተካው ግን መሐል መግባት አለበት፦ «ዲግ ኢት አፕ»። «ዲግ አፕ ኢት» ስሕተት ነው፤ ተማሪዎች አዘውትረው የሚወድቁትም እዚህ ላይ ነው። ኃላፊ ጊዜው «ደግ አፕ» ነው። ሥራው ገና እየተካሄደ ከሆነ «ዘ ሮድ ኢዝ ቢይንግ ደግ አፕ» ጻፍ። «ሃዝ ቢን ደግ አፕ» ካልክ እንግዳው ተቆፍሮ ያለቀ አድርጎ ይረዳዋል።

መላሽ 3፦ ለኮብልስቶኑ ሌላ ቃል አለ። ድንጋዩ አንድ በአንድ ተነሥቶ፣ ጥግ ተከምሮ፣ መልሶ የሚነጠፍ ከሆነ «ቴክ አፕ» ይሻላል። «ቴር አፕ» መገንጠል ስለሆነ የቅሬታ ቃና አለው፤ ለማስታወቂያ አይሆንም። «ዲግ አውት» ደግሞ የተቀበረን ወይም የተያዘን ነገር ቆፍሮ ማውጣት ነው፤ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ውስጥ ጎማው የሰመጠ መኪና «ዲግ አውት» ይደረጋል እንጂ መንገድ አይደረግም።

ጠያቂ፦ ገባኝ። «ዘ ሮድ ዊል ቢ ደግ አፕ አንቲል ፍራይዴይ» ብል ያስኬዳል?

መላሽ 2፦ እንግዳው ማወቅ የሚፈልገው መኪና ማለፉን ነው፤ ስለዚህ «ዘ ሮድ ዊል ቢ ክሎዝድ አንቲል ፍራይዴይ» በል፤ ምክንያቱን በሁለተኛው ዓረፍተ ነገር አስከትል። «አንቲል»ን በ«ባይ» አትተካ፤ «ባይ ፍራይዴይ» ካልክ ቢዘገይ ዓርብ ይዘጋል ማለት ይሆናል። ከሥሩም መኪና በየት በኩል ዞሮ እንደሚገባ ጻፍላቸው።