ዋልካ መሬት ላይ ቤት የሠራችሁ፣ እስቲ ምከሩኝ

ሰላም ናችሁ? ሰሜን ሸዋ፣ ሞረትና ጅሩ ገጠር ውስጥ፣ በቤተሰብ ይዞታ ላይ ለእናትና አባቴ ቤት ልሠራ ነው፣ እኛም ለበዓል ስንሄድ የምናርፍበት። ችግሩ አፈሩ ነው። ጥቁር ዋልካ ነው፣ ክረምት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ በጋ ደግሞ ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። የጎረቤታችን የብሎኬት ቤት ከመስኮቱ ጥግ እስከ መሠረቱ በሰያፍ ተተርትሯል፣ በሩም ክረምት ክረምት አልዘጋ ይላል።

አንዱ ግንበኛ የድንጋይ መሠረት ይበቃል ይለኛል። ሌላው ጥቁሩን አፈር ቆፍረህ አውጣና በሰሌክት (ከሌላ ቦታ በመኪና በሚመጣ፣ በማያብጥ አፈር) ሙላ፣ ከዛ ላይ በብረት የታሰረ ግሬድ ቢም (ግድግዳው የሚያርፍበት የኮንክሪት ማሰሪያ) አድርግ ይላል። የሰሌክቱ የመኪና ኪራይ ብቻ ቤቱን ሊያስረሳኝ ነው! በእንጨትና በጭቃ ብሠራውስ? እንጨት እኮ ትንሽም ቢሆን ይለመጣል።

ሌላው የእማዬ ነገር ነው። ፕላኑን የሣለልኝ ልጅ ማድ ቤቱን ከሳሎኑ ጎን ከተተው፣ እሷ ደግሞ "በኩበት ጭስ ልታፍኑኝ ነው?" አለች። እውነቷን ነው። ግን ለብቻው ከሆነ በዝናብ መመላለስ አለ፣ በረንዳ ቢያገናኛቸው ይሻላል? ከቆርቆሮው የሚወርደውን ውሃስ ከመሠረቱ ምን ያህል ላርቀው? እንዲህ ያለ መሬት ላይ የሠራችሁ ካላችሁ፣ በተለይ ስንት ሜትር እንደቆፈራችሁ ንገሩኝ።