ለሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ሐረር ላይ የመታሰቢያ ሰሌዳ ይቁም ወይስ አይቁም?

አቅራቢ፦ በሐረር ቆሞ የነበረውን የራስ መኰንን ፈረሰኛ ሐውልት የሠሩት ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ናቸው። ሐውልቱ የሃጫሉ ሁንዴሳን ግድያ ተከትሎ በተቀሰቀሰው ቁጣ በሰኔ 2012 ዓ.ም. ፈርሷል። ሐውልቱ ይመለስ እያልኩ አይደለም፤ በነበረበት ስፍራ የሠዓሊውን ስም የያዘ አነስተኛ ሰሌዳ ቢቆም ግን ተገቢ ይመስለኛል፤ የሚከበረው ሠሪው እንጂ የተሠራላቸው ሰው አይደሉምና።

የጀጎል ተወላጅ፦ ወንድሜ፣ ሠሪውንና የተሠራለትን በወረቀት ላይ መለየት ቀላል ነው። እኔ ያደግሁበት ቤት መደቡ በቀይ አፈር የተቀባ ነው፤ ሽማግሌዎቻችን ቀለሙ በ1879 ዓ.ም. ጨለንቆ ላይ የፈሰሰውን ደም እንዲያስታውስ ነው ይሉናል። ከዚያ ውጊያ በኋላ የምኒልክ ጦር ከተማይቱን ሲይዝ አስተዳዳሪ ሆነው የተሾሙት ራስ መኰንን ነበሩ። በዚያ መደብ ላይ ተቀምጦ ቡናውን የሚጠጣ ሰው ደጁን ሲወጣ «ይህ ለሠዓሊው ብቻ ነው» ቢባል፣ ይቀበለዋል ብዬ አላስብም። ደግሞም ሎሬቱ የአንኮበር ልጅ ናቸው።

ጡረተኛ መምህር፦ የትውልድ ስፍራቸውን ነገር ብንተወው እመርጣለሁ። አፈወርቅ የማዕድን ምህንድስና እንዲማሩ ወደ እንግሊዝ ተልከው ሥዕልን መርጠው የተመለሱ ሰው ናቸው፤ በአፍሪካ አዳራሽ ያለው 150 ካሬ ሜትር የባለቀለም መስታወት ሥራቸውም የአህጉሩን ነጻነት የሚተርክ እንጂ የአንድ አገር ብቻ አይደለም። ስለ ጨለንቆ የተነሣው ግን ከባድ ነው፤ በዝምታ የሚታለፍ አይደለም። ስለዚህ ሰሌዳው ይቁም፣ ነገር ግን ሐውልቱ ለማን እንደተሠራና እንደፈረሰም ይጻፍበት። መፍረሱን የሚዘል ሰሌዳ ለሎሬቱም ክብር አይሆንም።

የስፌት ሠሪ ልጅ፦ አባቶቼ ይቅር ይበሉኝና፣ እናቴ አለላውን አቅልማ በወስፌ እየወጋች አንዱን ሙዳይ ለመጨረስ ወራት ይፈጅባታል። ከመሐል ጀምራ ክቡን ስታሰፋ ንድፉን በወረቀት አታይም፤ ሁሉም በእጇና በዓይኗ ነው። ከተማችን በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ስትመዘገብ ግንቡና በሮቹ ብቻ ሳይሆኑ የቤቶቻችን ውስጣዊ አሠራርም ተወድሷል፤ በየቤቱ ግድግዳ የተሰቀለውን ስፌት የሠሩት ሴቶች ስም ግን በአንድም ሰሌዳ አልሰፈረም። የሎሬቱን ሰሌዳ አልቃወምም፤ የከተማይቱ የመጀመሪያው የባለሙያ ሰሌዳ እርሱ ይሁን ከተባለ ግን እቃወማለሁ።

አቅራቢ፦ እኅቴ፣ ይህን አላሰብኩትም ነበር፤ ቅደም ተከተሉን እቀበላለሁ። የመምህሩንም ሐሳብ እቀበላለሁ። የቀረኝ አንድ ጥያቄ የቃል ነው፤ «ፈረሰ» ይባል ወይስ «ተነሣ»?

የጀጎል ተወላጅ፦ «ተነሣ» ከተባለ ማዘጋጃ ቤት በሥርዓት ያነሣው ይመስላል፤ ያ ሐሰት ነው። «ፈረሰ» ከተባለም ደግሞ በራሱ የወደቀ ይመስላል።

ጡረተኛ መምህር፦ እንግዲያውስ «አፈረሱት» ይባል።

የጀጎል ተወላጅ፦ በሐረሪና በኦሮምኛም መጻፉ ስለማይቀር፣ «እነማን?» የሚለው ጥያቄ በሦስት ቋንቋ ይመጣብናል። ለዚህ መልስ ሳይኖረን ሰሌዳውን ለቀራጭ ባንሰጠው እመርጣለሁ።