በንፋስ የሚንቀሳቀስ ቅርጽ፦ እንቅስቃሴውን ወረቀት ላይ እንዴት ላስቀምጠው?

ብረትና ንፋስ (አዳማ)

ሰላም ለሁላችሁ። አዳማ ነው ያለሁት፤ ከብረት ቅርጻ ቅርጽ እሠራለሁ። አሁን የያዝኩት ሥራ በንፋስ የሚንቀሳቀስ ነው። ሁለት ሜትር ገደማ የሚሆን ምሰሶ አለው፣ አናቱ ላይ በኩሽኔታ የሚዞር ረጅም ክንድ ተቀምጧል፣ ከክንዱ ሁለት ጫፎች ደግሞ እንደልባቸው የሚወዛወዙ አጫጭር ክንዶች ተንጠልጥለዋል። የነሱ ጫፍ ላይ የታጠፈ ስስ ላሜራ በይጃለሁ፤ ንፋሱን የሚይዘው እሱ ነው።

የአዳማን የበጋ ንፋስ የኖረበት ያውቀዋል። በአንድ ልክ አይነፍስም። ይመጣል፣ ይተዋል፣ ዞሮ በሌላ በኩል ይመጣል። ቀስ ሲል ትልቁ ክንድ በዝግታ ይዞራል፣ ትንንሾቹ ዝም ይላሉ። ድንገት ሲጠነክር ደግሞ ትልቁ ቀጥ ብሎ ይቆምና ትንንሾቹ ያብዳሉ። የሥራው ነፍስ ያ ነው። ወረቀት ላይ የምፈልገውም እሱን ነው።

ግን ስስለው ይቆምብኛል። አንዱን ቅጽበት ብቻ ብይዝ የቆመ ብረት ነው። ብዙ ቅጽበት ስደራርብ የተጠላለፈ ሽቦ ይሆናል። ቀስት ሳደርግበት የማሽን መመሪያ ይመስላል። ቪዲዮ ቅረጪ እንዳትሉኝ፣ አለኝ። ቪዲዮ አንዱን ሲያሳይ ሌላውን ይወስደዋል። እኔ አንድ ሙሉ ደቂቃ ግድግዳ ላይ ባንዴ እንዲታይ ነው የምፈልገው። ከዚያም በላይ እንቅስቃሴውን ራሴ በደንብ ብረዳው ክብደት የት እንደምጨምር፣ የት እንደምቀንስ አውቃለሁ። ደግሞ ቅርጹ ከባድ ነው፣ ለኤግዚቢሽን ሌላ ከተማ ማድረስ ጣጣ ነው። ስዕሎቹ ግን ተጠቅልለው አውቶቡስ ላይ ይወጣሉ።

የሞከረ ሰው ካለ፦ እያዩ በእጅ መሳል ይሻላል ወይስ እስክሪብቶ ክንዱ ላይ አስሮ ራሱ እንዲስል መተው? እባካችሁ እዚህ ገበያ ላይ በሚገኝ ነገር።

ከሰል (ሀዋሳ)

እህቴ ሰላም። እኔ በእጅ ይሁን ከሚለው ወገን ነኝ። ግን ቅርጹን አትሳዪው። የሚቆምብሽ ቅርጹን ለመሳል ስለምትሞክሪ ነው።

አንድ ነጥብ ምረጪ፤ የአንዱን ትንሽ ክንድ ጫፍ ብቻ። ዓይንሽ እንዳይስተው ቀይ ጨርቅ እሰሪበት። ትልቅ ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጥፊ፣ ከሰል ያዢ፣ ዓይንሽን ከጨርቁ ሳትነቅዪ እጅሽን አስከትዪ። ወረቀቱን አትዪ። ባየሽው ቁጥር እጅሽ ማሳመር ይጀምራል፣ ያኔ አለቀ። ከጣት ሳይሆን ከትከሻሽ ሳዪ። ነጥቡ ሲፈጥን እጅሽም ይፈጥናል፣ መስመሩ ይሳሳል። ሲዘገይ ከሰሉ ይጫናል፣ ይጠቁራል። ፍጥነቱ ያለ ቀስት ይነበባል ማለት ነው።

እኔ ይህን የምለማመደው ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል ነው። አባ ኮዳ ሲነሳ ወፉን ልሳል ካልሽ መንቁሩን ሳትጨርሺ ሄዷል። የክንፉን ጫፍ ብቻ ከተከተልሽ ግን መጀመሪያ ከመሬት ለመነሳት ሲታገል የሚመታው ከባድ ምት፣ ከዚያ ከፍ ሲል የሚመጣው ረጅም ዝርግ መስመር፣ ሁሉም ወረቀቱ ላይ አለ። ወፉ የለም፣ በረራው ግን አለ።

ሌላው መንገድ ክንዱን ትቶ ክንዱ የሚሞላውን ቦታ መሳል ነው። ናኡም ጋቦ የሚባል ሩሲያዊ ቀራጺ እ.ኤ.አ. ከ1919 እስከ 1920 አንድ ቀጭን የብረት ዘንግ በሞተር የሚንቀጠቀጥ አድርጎ ሠርቷል። ሞተሩ ሲጠፋ ዘንግ ብቻ ነው፣ ሲነሳ ግን ሆድ ያለው፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ቅርጽ አየር ላይ ይታያል። አንቺም ከሰሉን በጎኑ አስተኝተሽ ክንዱ የሚመላለስበትን ቦታ ደጋግመሽ ቀቢ፣ አልፎ አልፎ ብቻ የሚደርስበትን ነካ አድርገሽ እለፊ። የሚወጣው ጥላ ራሱ ቅርጽ ነው።

እስክሪብቶ ማሰሩን ግን አልወደውም። ዣን ቲንጌሊ እ.ኤ.አ. በ1959 ራሳቸው የሚስሉ ማሽኖች ሠርቷል፣ አከብራቸዋለሁ። እነዚያ ግን ስዕል እንዲያወጡ ተብለው የተሠሩ ናቸው። ያንቺ ቅርጽ የተሠራው እንዲታይ ነው፤ የሚያየው ሰው ይፈልጋል።

መምህር ፔንዱለም (አዳማ)

ጤና ይስጥልኝ። እዚሁ አዳማ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ከሰል በጻፈው በአብዛኛው እስማማለሁ፣ ግን ዓይንና እጅ ዘግይተው እንደሚደርሱ መታወቅ አለበት። ሰው ያልጠበቀውን ነገር አይቶ እጁን እስኪያንቀሳቅስ 0.2 ሰከንድ ያህል ይፈጃል። ንፋሱ ድንገት ሲመታ ትንሹ ክንድ በዚያች ጊዜ ውስጥ አቅጣጫ ቀይሮ ሊሆን ይችላል። በእጅ የተሳለው ያየሽውን ይመሰክራል። ክብደት የት ልጨምር ካልሽ ግን ክንዱ በትክክል የሄደበትን መንገድ ማወቅ አለብሽ፣ ልጄ።

ትልቁ ቆሞ ትንንሾቹ የሚያብዱበት ነገር ሚስጥር አይደለም። በመገጣጠሚያ የተያያዙ ሁለት የሚወዛወዙ ነገሮች ኃይል ይቀባበላሉ። አንዴ ከትልቁ ወደ ትንሹ፣ አንዴ ከትንሹ ወደ ትልቁ። እንዲህ ዓይነት ባለ ሁለት መገጣጠሚያ ነገር አነሳሱ በጥቂቱ ከተለየ አካሄዱ ፈጽሞ ሌላ ይሆናል። ስለዚህ ሁለት ስዕል አንድ ዓይነት እንዲወጣልሽ አትጠብቂ። የአንዱን ደቂቃ ስዕል ከሌላው ደቂቃ ጎን ስትሰቅዪ ያ ልዩነት ራሱ ነው ትምህርቱ።

አሁን ወደ ሥራው። ማሬ የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪምና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1882 በሰከንድ 12 ፎቶ የሚያነሳ፣ እንደ ጠመንጃ የሚያነጣጥሩበት ካሜራ ሠራ። ትልቁ ሐሳቡ ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ሰውየውን ከላይ እስከ ታች ጥቁር አልብሶ፣ እጅና እግሩ ላይ ነጭ መስመር አድርጎ፣ ጥቁር ግድግዳ ፊት አስኬደው። ፎቶው ላይ ሰውየው ጠፋና የእርምጃው መስመሮች ብቻ ቀሩ። የተጠላለፈ ሽቦ ላልሽው ችግር መልሱ ይሄ ነው፤ ብዙ ከመደረብሽ በፊት ብዙ ማጥፋት አለብሽ።

ስልክ ይበቃሻል። በሰከንድ 30 ምስል ይቀርጻል። ስልኩን የማይነቃነቅ ቦታ አስሪ፣ ቀርጺ፣ ከዚያ ቪዲዮውን ኮምፒውተር ላይ በየሦስት ምስሉ እያቆምሽ፣ ስክሪኑ ላይ በለጠፍሽው ጥርት ያለ ፕላስቲክ የጫፉን ቦታ በማርከር ነጥብ አድርጊ። በነጥብና በነጥብ መካከል አንድ አስረኛ ሰከንድ አለ። ነጥቦቹ ሲራራቁ ፈጥኗል፣ ሲጠጋጉ ዘግይቷል። ትልቁን ክንድ ከላይ፣ ከፎቅ ወይም ከጣራ ቀርጪው፤ ከጎን ካየሽው ክቡ ይጨፈለቅብሻል። ትንንሾቹን ደግሞ ከጎን።

አንድ ነገር ልጨምር። እኔ ተማሪዎቼን የማሠራው ወረቀቱን እየጎተቱ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ያሉትን የንፋስ ተርባይኖች ታውቂያቸዋለሽ፤ አዳማ 1 የሚባለው ጣቢያ ብቻ 34 አለው፣ 51 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። የአንዱን ክንፍ ጫፍ ከፊት ሆነሽ ብትከተዪ ክብ ብቻ ነው፣ ዞሮ ዞሮ ያው ክብ። አሁን አንዱ ተማሪ ወረቀቱን ወደ ጎን በእኩል ፍጥነት ሲጎትት ሌላው የጫፉን ከፍታ ብቻ፣ ላይና ታች፣ ይሳል። ክቡ ማዕበል ይሆናል። ንፋሱ ሲደክም ማዕበሉ ይረዝማል። ጊዜ በወረቀቱ ርዝመት ላይ ተዘረጋ ማለት ነው። ለዚህ የካሽ ሬጅስተር ጥቅል ወረቀት በቂ ነው። ያልሽው አንድ ደቂቃ ከግድግዳ ግድግዳ ይደርሳል።

እስክሪብቶ ማሰሩ ለትንንሾቹ ክንዶች አይሆንም። ወረቀት ላይ ሲጎተት ይይዛቸዋል፣ ስስ ላሜራ የሚያገኘው የንፋስ ኃይል ትንሽ ስለሆነ እንቅስቃሴውን ይገድለዋል። የምትመዘግቢው እስክሪብቶውን የሚታገል ክንድ ነው የሚሆነው።

ዳዶ (አዳማ)

መምህር ያሉት ልክ ነው፣ መነካካት ካለ ይይዛል። ስለዚህ አታስነኪው። ግሉኮስ የሚሰጥበትን ቱቦ ከፋርማሲ አዲሱን ግዢ፣ ርካሽ ነው። ትንሽ ፕላስቲክ ጠርሙስ ላይ የቀጠነ ቀለም አድርጊና ትልቁ ክንድ ላይ ከላይ እሰሪው። ቱቦው ላይ ያለችው የምትሽከረከር ትንሽ ጎማ ጠብታውን ታስተካክልልሻለች። ወረቀቱ ከስር ነው። ምንም አይነካካም።

ሰዓቱ ደግሞ እዚያው አለልሽ። ጠብታው በ10 ሰከንድ 20 እንዲወርድ ካደረግሽ እያንዳንዱ ጠብታ ግማሽ ሰከንድ ነው። መምህር በማርከር አድርጊ ያሉሽን ነጥብ ቅርጹ ራሱ ያደርግልሻል።

ብረትና ንፋስ (አዳማ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ዳዶ፣ ወንድሜ፣ ይሄ ግሩም ነው። ሁለት ነገር ግን ያሳስበኛል። የቀለሙ ክብደት ሚዛኑን አያዛባም? ደግሞስ ንፋስ ባለበት ጠብታው የት ይወድቃል?

መምህር ፔንዱለም (አዳማ)

ጥሩ ጥያቄ ነው። ክብደቱ አያስጨንቅሽ። ብዙዎቹ ቱቦዎች አንድ ሚሊ ሊትር በ20 ጠብታ ነው የሚያወርዱት። በዳዶ ልክ ለአንድ ደቂቃ 120 ጠብታ፣ ማለት 6 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው የሚያስፈልግሽ። ጠርሙሱን ግን ክንዱ ጫፍ ላይ ሳይሆን ምሰሶው ጋ አስጠግተሽ እሰሪው፣ በሌላው ወገን እኩል ክብደት አድርጊ።

አወዳደቁ የበለጠ ያሳስባል። ጠብታው ከቱቦው ሲለቅ የክንዱን ፍጥነት ይዞ ነው የሚወርደው። ከ5 ሴንቲ ሜትር ለመውደቅ 0.1 ሰከንድ ይፈጃል፤ ክንዱ በዚያ ቦታ በሰከንድ 1 ሜትር የሚሄድ ከሆነ ጠብታው 10 ሴንቲ ሜትር አልፎ ያርፋል። ስለዚህ የቱቦውን አፍ ወረቀቱን ሊነካ ትንሽ እስኪቀረው አውርጂው። ወደ ምሰሶውም አስጠጊው። እዚያ ፍጥነቱ ከጫፉ ያንሳል፣ የዞረው ማዕዘን ግን ያው ነው፣ ምንም አይጠፋሽም። ወረቀቱን ዙሪያውን በካርቶን ከከለልሽው ንፋሱም አይበትነውም። ለትንንሾቹ ክንዶች ይሄ አይሠራም፣ ወደ ላይ ወደ ታች ስለሚሉ ከፍታው አይጠበቅም። ለነሱ ቪዲዮው ይሻላል።

የማታ ፎቶ (ሀዋሳ)

ለትንንሾቹ እኔ መልስ አለኝ። ከእጅ ሰዓት ባትሪ ጋር የተያያዘች ትንሽ ኤልኢዲ አምፖል ጫፋቸው ላይ በፕላስተር ለጥፊ፣ ጥቂት ግራም ብትሆን ነው። ሲጨልም ስልክሽን ትራይፖድ ላይ አድርጊና ካሜራውን ወደ ፕሮ ሞድ፣ ሁሉንም በእጅ ወደሚያስተካክሉበት፣ ቀይረሽ የመዝጊያውን ጊዜ፣ ማለት ብርሃን የሚያስገባበትን፣ አርዝሚው፤ ብዙ ስልክ ላይ እስከ 30 ሰከንድ ይሄዳል። ቅርጹ ይጠፋል፣ የብርሃኑ መንገድ ብቻ ይቀራል። የመንገድ መብራት ካለ ቦታ ራቂ፣ ጨረቃ ስትሞላም ፎቶው ይነጣል።

ብልጭ ድርግም የምትል አምፖል ብታገኚ ደግሞ የበለጠ ነው። ፍራንክና ሊሊያን ጊልብሬዝ የሚባሉ አሜሪካውያን ባልና ሚስት እ.ኤ.አ. በ1910ዎቹ የሠራተኞች ጣት ላይ አምፖል እያሰሩ የእጃቸውን እንቅስቃሴ ፎቶ ያነሱ ነበር። ብርሃኑ እየተቆራረጠ ስለሚበራ መስመሩ በጭረት ይወጣል። ረጅም ጭረት ፈጣን፣ አጭር ጭረት ዘገምተኛ። ከዚያ ምን አደረጉ መሰለሽ? ያንን የብርሃን መንገድ በሽቦ አጥፈው ሰው ከየአቅጣጫው ሊያየው የሚችል ሞዴል አደረጉት። አንቺ በያጅ ነሽ፣ እኛ ወረቀት ላይ እንቀራለን፣ አንቺ ግን የአንድ ደቂቃ ንፋስ በፌሮ ማቆም ትችያለሽ!

ከሰል (ሀዋሳ)

የሽቦው ሐሳብ በጣም ደስ አለኝ። እኔ ግን አሁንም እላለሁ፣ ነጥቡና ፎቶው አጥንት ነው። በነጥቡ ላይ ደርበሽ በከሰል ሳዪ፣ ቅርጹ ፊት ቆመሽ፣ ንፋሱ እየነፈሰ። ነጥቡ ከእጅሽ ጋር የማይገጥምበትን ቦታ አታጥፊው። እዚያ ቅርጹ ቀድሞሻል፣ ተመልካችም ያንን ማየት አለበት።

ደግሞ የእያንዳንዱ ወረቀት ጥግ ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ንፋሱ ከየት እንደመጣ፣ ስንት ሰከንድ እንደሆነና የትኛውን ጫፍ እንደተከተልሽ ጻፊ። ይሄ የሌለው ወረቀት ከዓመት በኋላ ላንቺም አይነበብሽም።

ብረትና ንፋስ (አዳማ)

እሺ፣ በጠብታው እጀምራለሁ፣ ምክንያቱም ትልቁ ክንድ መቼና የት እንደሚቆም መጀመሪያ ማየት እፈልጋለሁ። ጠብታዎቹ አንድ ቦታ ሲከማቹ እዚያ ቆሟል ማለት ነው፣ እንደዚያ ነው የገባኝ። ለትንንሾቹ አምፖሉን እሞክራለሁ። መምህር፣ ቅዳሜ ከሰዓት የሚመችዎት ከሆነ ተማሪዎችዎን ይዘው ይምጡ፤ ወረቀት የሚጎትት ሰው ያስፈልገኛል፣ ቅርጹም ግቢው ውስጥ ተተክሏል። ዳዶ፣ አንተም ና፣ ኩሽኔታው ትንሽ ይጮኻል፣ እሱን ሳናስተካክል ብንለካ ድካማችን ከንቱ ነው።

ዳዶ (አዳማ)

እመጣለሁ። ግሪስ አትቀቢው፣ ወፍራም ስለሆነ ቀስ ያለውን ንፋስ ይይዝብሻል። በቤንዚን አጥበሽ ቀጭን የስፌት መኪና ዘይት ሁለት ጠብታ አድርጊበት፣ የቀረውን ስመጣ እናየዋለን።