8 ጊጋ ራም ባለው ላፕቶፕ የሃባርድ ሞዴል ይሠራል? ርዕስ ልቀይር ወይስ ልቀጥል?

የፔዳዋ (ጠያቂ)፦

ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር፣ ፔዳ ግቢ የፊዚክስ ማስተርስ ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ጽሑፌ የመረጥኩት ርዕስ የሃባርድ ሞዴልን በኳንተም ኮምፒውተር ማስላት ነው። ለማታውቁት፣ ሞዴሉ በጠጣር ነገር ውስጥ ያሉ ኤሌክትሮኖች ከአቶም ወደ አቶም ሲዘሉና እርስ በርስ ሲገፋፉ ምን እንደሚፈጠር በሁለት ቁጥር ብቻ ይገልጻል። የመዝለሉን ጉልበት ቲ፣ የመገፋፋቱን ዩ እንለዋለን።

ችግሬ ሁለት ነው። ለመለማመድ ብዬ ቀለል ያለውን የሃይዘንበርግ የስፒን ቀለበት (ስፒን ማለት ወደ ላይ ወይም ወደ ታች የሚያመለክት የኤሌክትሮን ትንሽ ማግኔት ነው) በፓይተን ጻፍኩ። እስከ 12 ስፒን ደህና ይሄዳል። 14 ሳስገባ ላፕቶፑ ስታክ ያደርጋል፤ ማውሱ እንኳ አይንቀሳቀስም። ሁለተኛው፣ ያማከርኳቸው ሰዎች «ኳንተም ኮምፒውተር በሌለበት አገር ይሄ ርዕስ አይሆንም፣ ቀይሪው» ይሉኛል። የፕሮፖዛል ማስገቢያው ደርሷል። የመብራቱንና የኢንተርኔቱን ነገር እናንተም ታውቁታላችሁ። ርዕሱን ከልቤ እወደዋለሁ። ምን ትሉኛላችሁ?

የሽምብጥ ልጅ፦

እህትዓለም፣ ላፕቶፕሽ ምንም አልሆነም። የስፒኖቹን ኃይል የሚገልጸውን ሙሉ ማትሪክስ (የቁጥር ሰንጠረዥ) ራም ላይ እየዘረገፍሽበት ነው። እያንዳንዱ ስፒን ሁለት አማራጭ ስላለው 14 ስፒን ማለት 16,384 ሁኔታ ነው። ማትሪክሱ 16,384 በ16,384 ይሆናል። እያንዳንዱ ቁጥር ኮምፕሌክስ ከሆነ 16 ባይት ይበላል። ድምሩ 4.3 ጊጋ አካባቢ ነው። እሱ ማትሪክሱ ብቻ ነው፤ ሲፈታ ደግሞ ተጨማሪ ቦታ ይፈልጋል። 16 ስፒን ብትሞክሪ ወደ 69 ጊጋ ይወጣል። ራም እየገዙ የሚደረስበት ነገር አይደለም።

ደጉ ነገር፣ ማትሪክሱ ከሞላ ጎደል ዜሮ ብቻ ነው። በ14 ስፒን ቀለበት አንድ ረድፍ ላይ ዜሮ ያልሆነው ቁጥር ቢበዛ 15 ነው። ሳይፓይ በተባለው የፓይተን ላይብረሪ ውስጥ ያለውን ስፓርስ ማትሪክስ ተጠቀሚ፤ ዜሮ ያልሆኑትን ብቻ ይይዝልሻል። ከዚያ ሁሉንም የኃይል ደረጃ አትጠይቂው። ዝቅተኛውን ብቻ በላንቾስ ስልት (ሙሉውን ማትሪክስ ሳይፈታ በየዙሩ ወደ መልሱ በሚጠጋ ስሌት) አስወጪ። ጥቂት ሜጋባይት ይበቃዋል።

ሌላም አለ። ጠቅላላው ስፒን አይለወጥም። ወደ ላይና ወደ ታች ያሉት ስፒኖች እኩል የሆኑበትን ሁኔታ ብቻ ብትወስጂ ከ16,384ቱ 3,432 ይቀራሉ። ቁጥሮቹም ሪያል ናቸው፣ ኮምፕሌክስ አያስፈልግም። 20 ስፒን ራሱ 184,756 ላይ ይቆማል። ላፕቶፕሽ ይችለዋል።

ጡረተኛው መምህር፦

የሽምብጡ ልጅ በደንብ አስረድቶሻል። እኔ መፈተሻ ልስጥሽ። ተማሪዎች ኮዱ ስህተት ሳያሳይ ከሮጠ ልክ ነው ብለው ያልፋሉ። ዲፌንስ ላይ የሚያስቸግረውም ያ ነው።

ጄን (ጎረቤታም ስፒኖች እርስ በርስ የሚነካኩበትን ጉልበት) 1 አድርጊና ባለ 4 ስፒኑን ቀለበት ፍቺ። ዝቅተኛው ኃይል −2 መሆን አለበት። በ6 ስፒን −2.8028 ይሆናል። ቀለበቱ እያደገ ሲሄድ ለአንድ ስፒን የሚደርሰው ኃይል ወደ −0.4431 ይጠጋል። ይህን ቁጥር ሃንስ ቤቴ የተባለው ፊዚሲስት በ1931 ባወጣው ስልት ሁልቴን የተባለ ሌላ ፊዚሲስት በ1938 አግኝቶታል። (ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።)

ወደ ሃባርድ ስትሻገሪ በሁለት ቦታና በሁለት ኤሌክትሮን ጀምሪ። ቲ 1፣ ዩ 4 ከሆነ −0.828፣ ዩ 8 ከሆነ −0.472 ታገኛለሽ። ይህ ግን አይበቃም። ሁለት ኤሌክትሮኖች ቦታ ሲለዋወጡ የሚመጣውን የመቀነስ ምልክት የረሳ ኮድም ይህን ፈተና ያልፋል። ስለዚህ አራት ቦታ በቀለበት አድርጊ፤ ሁለት ኤሌክትሮን ወደ ላይ፣ ሁለት ወደ ታች፣ ዩን ዜሮ። መልሱ −4 ነው። −5.66 ከወጣሽ ምልክቱ ተረስቷል። ሌላ ቦታ አትፈልጊ።

ፖሊ ኮምፒውተር፦

እኔ ለየት ያለ ነገር ልበል። ኳንተሙን ተይው። በላፕቶፕ የሚፈታ ነገር ለምን ወደ ኳንተም ኮምፒውተር ይወሰዳል? አራት ቦታ ያለው ሃባርድ በእያንዳንዱ ቦታ 2 ኪዩቢት (የኳንተም ኮምፒውተር ቢት)፣ በድምሩ 8 ኪዩቢት ነው። 256 ሁኔታ ማለት ነው። ስልክም ይፈታዋል።

ደግሞ የ2023ቱን አስታውሱ። አይቢኤም በ127 ኪዩቢት የሠራውን የአይዚንግ ስፒኖች ሙከራ ኔቸር ላይ አወጣ። በጉልበት ብቻ በተራ ኮምፒውተር ሊሰላ የማይችል ነው ተባለ። ብዙም ሳይቆይ የተለያዩ ቡድኖች በቴንሰር ኔትወርክ (የኳንተም ሁኔታን አሳንሶ በሚጽፍ ስልት) እና በሌሎች ስልቶች ያንኑ በተራ ኮምፒውተር ሠርተው አሳዩ። ልጅቷ በዚህ ግርግር መሀል ገብታ ጊዜዋን ባታባክን ይሻላል።

ጡረተኛው መምህር፦

ወንድሜ፣ ስለ 2023ቱ ያልከው እውነት ነው። ድምዳሜህ ግን አልተዋጠልኝም።

መጀመሪያ ጥያቄው ለምን እንደሚያስጨንቅ እንይ። ላንታነም ኩፐር ኦክሳይድ የሚባል ነገር አለ። ኤሌክትሮኖችን በተናጠል የሚያየው የተለመደው የባንድ ቲዎሪ ብረት ነው፣ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል ይላል። በተግባር ግን አያስተላልፍም። በየመዳብ አቶሙ አንድ ኤሌክትሮን ተቀምጧል፤ ሁለተኛው እንዳይመጣበት ይገፋል። በጣና ላይ በሙሉ አንድ ሰው ብቻ የሚችሉ ታንኳዎች ተደርድረው በእያንዳንዱ ላይ ሰው ቢቀመጥ፣ ማንም ወደ ጎረቤቱ መሻገር አይችልም። ጥቂት ሰዎች ብናወርድ ግን መንቀሳቀስ ይጀመራል። ኤሌክትሮን መቀነሱ ዶፒንግ ይባላል። ቤድኖርዝና ሙለር በ1986 ዙሪክ በሚገኘው የአይቢኤም ቤተ ሙከራ ላንታነሙን በከፊል በባሪየም ሲተኩ በ35 ኬልቪን አካባቢ ሱፐርኮንዳክተር (ኤሌክትሪክን ያለ ምንም ተቃውሞ የሚያስተላልፍ) የሚሆን ነገር አገኙ። በማግሥቱ ዓመት ኖቤል ተሸለሙ። በዚያው ዓመት ኢትሪየም ያለበት ዘመዱ 93 ኬልቪን ደረሰ፤ በ77 ኬልቪን የሚፈላው ፈሳሽ ናይትሮጅን ያቀዘቅዘዋል ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ከሃባርድ ሁለት ቁጥሮች ይወጣል ወይ? ሊብና ዉ በ1968 የአንድ መስመሩን ሞዴል በትክክል ፈቱት። በሁለት አቅጣጫ የተዘረጋው ግን እስከ ዛሬ እንዲህ ያለ መፍትሔ የለውም። በ2024 ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ሥራ ኤሌክትሮኖች ወደ ሁለተኛ ጎረቤትም እንዲዘሉ ሲደረግ ሱፐርኮንዳክቲቪቲ በሞዴሉ ውስጥ እንደሚታይ አሳይቷል። የተሠራው በተራ ኮምፒውተር ነው። ሁለት ፍጹም የተለያዩ ስልቶች ተመሳክረው ነው የተማመኑት። ያ ማመሳከር ነው የዚህ ሙያ ልብ።

እንግዲህ ልጅቷ በላፕቶፕ የሚፈታውን ትንሽ ቀለበት ብትሠራ አትሳሳትም። የኳንተም ኮምፒውተር መልስ ልክ መሆኑ የሚታወቀው ትክክለኛው መልስ በእጅ ሲኖር ነው። በ2022 ኔቸር ኮሚዩኒኬሽንስ ላይ የወጣው የሃባርድ ሙከራ ራሱ 16 ኪዩቢት ነው የተጠቀመው፤ 8 ቦታ በመስመርና 2 በ4 አድርጎ። እነሱም ትክክለኛውን መልስ ከጎኑ አስቀምጠው ነው ያነጻጸሩት። በትንሹ መሥራት አያሳፍርም።

ፖሊ ኮምፒውተር፦

መምህር፣ እንዲህ ከተባለ እስማማለሁ። ርዕሱ ግን «ማስላት» ሳይሆን «ማነጻጸር» ይሁን። ገምጋሚዎቹ «ምን አዲስ አሰላሽ?» ብለው እንዳይይዟት።

የፔዳዋ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። መምህር፣ የሰጡኝን ቁጥሮች ሞከርኳቸው። ባለ 4ቱ −2፣ ባለ 6ቱ −2.8028 ወጣ። ስፓርሱን ካስገባሁ በኋላ 14ም ሮጠ፤ ለአንድ ስፒን −0.4474 ነው። ሃባርዱ ላይ ገና ነኝ። አሁን ግራ ያጋባኝ የኳንተሙ ክፍል ነው። ከቪዲዮ እያየሁ በኪስኪት (የአይቢኤም የኳንተም ፕሮግራም መጻፊያ) ስጽፍ ገና መጀመሪያው መስመር ላይ ስህተት ይላል።

የሽምብጥ ልጅ፦

ቪዲዮው የቆየ ነው። በ2024 ኪስኪት 1.0 ሲወጣ ብዙ ነገር ተቀይሯል። «ኤክስኪዩት» የሚለው ትእዛዝ ወጥቷል። በላፕቶፕ የሚሠራው ኤር የተባለው ሲሙሌተርም ለብቻው ነው የሚጫነው። ከ2024 በፊት የተሠራ ትምህርት ካየሽ እለፊው።

እውነተኛውን ማሽን ለመጨረሻ አቆይው። በነጻ የሚሰጠው ጊዜ በደቂቃ የሚቆጠር ነው። ኤር ላይ ግን የማሽኑን ዓይነት ስህተት ራስሽ እየጨመርሽ ማየት ትችያለሽ። በበሮቹ (በኪዩቢቶቹ ላይ በሚፈጸሙት ትእዛዞች) ላይ ያለውን ስህተት ከትንሽ ጀምረሽ ከፍ አድርጊው፤ ኃይሉ ከትክክለኛው መልስ ምን ያህል እንደሚርቅ በግራፍ አስቀምጪ። ለዚህ ኢንተርኔት አያስፈልግም። ኔትወርክ ደህና በሆነ ቀን ፓኬጆቹን ከነተከታዮቻቸው ፍላሽ ላይ አውርጂ። ውጤቱን በየዙሩ ፋይል ላይ እያስቀመጠ እንዲሄድ አድርጊው፣ መብራት ቢሄድ ከቆመበት ይቀጥላል።

ዘጌ፦

እኔም ከዚሁ ዘርፍ ነኝ። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ። ሰርኪዩቱን (የበሮቹን ቅደም ተከተል) በዘፈቀደ በሮች ሞልተሽ «ኮምፒውተሩ ራሱ ይማር» አትበይ። እንዲህ ያለው ሰርኪዩት ኪዩቢት ሲጨምር ግራዲየንቱ (ቁጥሮቹን ወዴት ማስተካከል እንዳለብሽ የሚያሳየው ቁልቁለት) እየከሰመ ዜሮ እንደሚሆን በ2018 ታይቷል። ከዚያ በኋላ ወዴት እንደምትሄጂ ምልክት አይኖርሽም። መዝለሉንና መገፋፋቱን እያፈራረቅሽ፣ ከሞዴሉ ከራሱ ሰርኪዩቱን ሥሪ። የሚስተካከሉት ቁጥሮች ጥቂት ይሆናሉ፤ የኤሌክትሮኑም ቁጥር እንደተጠበቀ ይቆያል።

«አገራችን ማሽኑ የለም» ለሚሉሽ ደግሞ፣ የጉግል ዊሎው የተባለው የኳንተም ቺፕ በ2024 መጨረሻ በ105 ኪዩቢት ያሳየውን ንገሪያቸው። የስህተት ማረሚያው ኮድ መጠን (ዲስታንስ የሚሉት) ከ3 ወደ 5፣ ከ5 ወደ 7 ሲያድግ ስህተቱ በየደረጃው ከግማሽ በታች ወርዷል። ማሽኖቹ እየተሻሻሉ ነው። ሲደርሱ ምን እንደሚጠይቋቸው የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል፤ ለዚያ ደግሞ ማሽኑ አጠገብሽ መኖር የለበትም።

የፔዳዋ፦

እሺ። አልቀይርም። ፕሮፖዛሉን እንዲህ ላደርገው ነው፦ ባለ አራት ቦታ የሃባርድ ቀለበት፣ ትክክለኛው መልስ በላንቾስ፣ ያው ሞዴል በ8 ኪዩቢት ሰርኪዩት፣ ከዚያ ስህተት እየጨመሩ ማነጻጸር። ዩን 0፣ 4 እና 8 አድርጌ እወስዳለሁ። መምህር፣ ይበቃል ይላሉ?

ጡረተኛው መምህር፦

ይበቃል። አንድ ኤሌክትሮን ቀንሰሽ፣ ሦስት አድርገሽም ሥሪው። ዶፒንጉ እዚያ ነው ያለው። እና ከኃይሉ ሌላ፣ በአንድ ቦታ ሁለት ኤሌክትሮን የመገኘቱን ዕድል አብረሽ አስይዢ። ዩ ሲጨምር ሲወርድ በዓይንሽ ታዪዋለሽ። ረቂቁን ስትጨርሺ እዚህ ለጥፊው፣ አነበዋለሁ።