ከአዲስ አበባ ላንጋኖ፣ ሐዋሳና አርባ ምንጭ፦ 6 ቀን፣ 3 ልጅ፣ 1 ኮሮላ። ይቻላል?

የልጆች እናት፦

ሰላም ለሁላችሁ። በግማሽ ዓመቱ የትምህርት እረፍት፣ ጥር መጨረሻ ላይ፣ 6 ቀን አለን። 5 አዳር ማለት ነው። ልጆቹ 9 ዓመት፣ 5 ዓመት፣ ትንሹ ደግሞ 1 ዓመት ከ2 ወር ናቸው። መኪናችን ቆየት ያለ ኮሮላ ነው፤ ሁለታችንም እንነዳለን። ያሰብነው ላንጋኖ 1 አዳር፣ ሐዋሳ 2፣ አርባ ምንጭ 2፣ ከዚያ በሶዶና በሆሳዕና አድርገን መመለስ ነው። የ5 ዓመቷን መኪና ያስመልሳታል። ትንሹ ጡት ይጠባል፣ የዱቄት ወተትም ይጨመርለታል። መንገዱ ይበዛል? የልጅ ወንበር የግድ ነው ወይስ እቅፍ ላይ ይሆናል? ስለ ወባና ስለሚያዙት መድኃኒቶችስ ምን ትሉኛላችሁ?

ባለ መሪው፦

እህቴ፣ ዕቅዱ በካርታ ላይ ያምራል፤ ለ1 ዓመት ከ2 ወር ልጅ ግን ይበዛል። አስሊው። ከአዲስ አበባ ላንጋኖ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከቱሉ ዲምቱ ፈጣን መንገዱን ይዛችሁ እስከ ሞጆ፣ ከሞጆ ደግሞ በአዲሱ ፈጣን መንገድ እስከ ባቱ፤ ይሄ ቀላሉ ክፍል ነው። ከላንጋኖ ሐዋሳ 80 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። ከሐዋሳ ወደ ሻሸመኔ ተመልሶ በሶዶ አርባ ምንጭ መግባት 270 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይሆናል። ከብትና አህያ መንገዱ ላይ ነው፣ በየከተማው ባጃጅ አለ፤ በሰዓት በአማካይ 50 ኪሎ ሜትር ከሄዳችሁ ጥሩ ነው። የመመለሻው ቀን ከ430 ኪሎ ሜትር ያላነሰ ነው። ከልጅ ጋር ሲሆን በየ2 ሰዓቱ 20 ደቂቃ ማቆም ስላለ ያ ቀን 11 ሰዓት ይፈጃል፤ መጨረሻው ጨለማ ላይ ይወድቅባችኋል። በጨለማ ደግሞ መብራት የሌለው ጋሪና መንገድ ዳር የቆመ ከባድ መኪና ነው የሚገጥማችሁ። ከ12 ሰዓት ተኩል በኋላ ከከተማ ውጪ አትንዱ።

አርባ ምንጭን ከዚህ ጉዞ አውጡት። ላንጋኖ 2 አዳር፣ ሐዋሳ 3 አዳር አድርጉት። በየቀኑ ሻንጣ ከመፍታትና ከማሰር ያድናችኋል።

መነሻችሁ ከንጋቱ 12 ሰዓት ይሁን። ትንሹ በእንቅልፉ መኪና ውስጥ ይገባል፣ የመጀመሪያውን ሰዓት ተኩል ተኝቶ ይጨርሰዋል። ከ3 ሰዓት በኋላ ከተነሳችሁ ግን ልጁ ንቁ ሆኖ፣ ፀሐዩ በመስኮት እየገባ፣ ለቅሶው ገና ሞጆ ላይ ይጀምራል። በፈጣን መንገዱ ላይ ዳር ይዞ ልጅ ማሸናት አደገኛ ነው፤ ከመግባታችሁ በፊት ሁሉም ይሽና። መግቢያው ላይ የምትቀበሉትን ካርድ ልጅ እጅ ላይ አትስጡ፤ ሲወጡ የሚከፈለው በእሱ ነው። ነዳጁን ከዋዜማው ሙሉ፣ ቴሌብር ላይም ሂሳብ ይኑራችሁ፤ መንገድ ላይ ወረፋ ከገጠማችሁ በልጅ ለቅሶ ነው የምትጠብቁት። በዋዜማው ደግሞ ለሆቴሉ ደውላችሁ የመንገዱን ሁኔታ ጠይቁ።

ቡሎን፦

ስለ ወንበሩ ብቻ ልመልስ። እቅፍ አይሆንም። 10 ኪሎ የሚመዝን ልጅ በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት መኪናው በድንገት ሲጋጭ ክብደቱ ብዙ እጥፍ ሆኖ ነው ወደ ፊት የሚወረወረው፤ የማንም ክንድ አይዘውም። እናትና ልጅ በአንድ ቀበቶ መታሰር ደግሞ ከዚያ ይብሳል፣ የእናትየው ሰውነት ልጁን ይጨፈልቀዋል።

የትንሹ ወንበር ፊቱን ወደ ኋላ የሚያዞር ይሁን፤ ቢያንስ እስከ 2 ዓመቱ እንደዚያው። ኤርባግ ያለው የፊት መቀመጫ ላይ ግን በፍጹም አይታሰርም። ያገለገለ ወንበር ከገዛችሁ ከሥሩ ፕላስቲኩ ላይ የተመረተበትና የሚያበቃበት ዓመት ተጽፏል፣ እዩት። አደጋ ላይ የነበረ ወንበር ደግሞ ውጪው ደህና ቢመስልም ውስጡ የተሰነጠቀ ሊሆን ይችላል። ካሰራችሁት በኋላ ቀበቶው የሚያልፍበት ቦታ ላይ ይዛችሁ ግራ ቀኝ ነቅንቁት፤ ከ2 ሴንቲ ሜትር ተኩል በላይ ከተንቀሳቀሰ ልል ነው። ጉልበታችሁን ወንበሩ ላይ ተክላችሁ ቀበቶውን እንደገና ሳቡት። የልጁን ትከሻ ላይ ያለውን ማሰሪያ በሁለት ጣት ቆንጥጣችሁ ማጠፍ ከቻላችሁም አልጠበቀም። ጠዋት ስለሚበርድ ጃኬት አልብሳችሁ አትሰሩት፤ ጃኬቱ ሲታመቅ ማሰሪያው ይላላል። አስራችሁ ከላይ ጋቢ ጣል አድርጉለት።

በቆዩ ኮሮላዎች ላይ የኋላው መሐል መቀመጫ ብዙ ጊዜ የወገብ ቀበቶ ብቻ ነው ያለው። የ5 ዓመቷ ከፍ የሚያደርግ መቀመጫ ያስፈልጋታል፣ እሱም የሚሠራው ትከሻን በሚያቅፍ ቀበቶ ብቻ ነው። ስለዚህ እሷ በር ዳር ትሁን፣ የትንሹ ወንበር መሐል ይሁን (መመሪያው በወገብ ቀበቶ ይታሰራል የሚል ከሆነ)፣ ትልቁ በሌላኛው በር። ሦስቱ ካልበቁ ሌላ መፍትሔ የለውም፣ ሰፋ ያለ መኪና ተከራዩ።

መኪናውን ከ4 ቀን በፊት አስፈትሹ፣ ዋዜማው ላይ አይሁን፤ የጎደለ ዕቃ ቢኖር መግዣ ጊዜ ይኑራችሁ። ፍሬን ሸራ፣ የራዲያተር ውሃ፣ የማራገቢያ ቺንጋ። የጎማ ንፋስ ጠዋት መኪናው ሳይንቀሳቀስ ይለካ፤ ለሙሉ ጭነት የሚያስፈልገው ልክ በሾፌሩ በር ቋሚ ላይ ተለጥፏል። ስኮርታ ጎማውንም አስነፉት፣ ሁሉም የሚረሳው እሱን ነው። ክሪኩና የቡሎን መፍቻው ከሻንጣ ሥር አይቀበሩ፤ ጎማ ሲፈነዳ የሕፃን ዳይፐር አስፋልት ላይ ዘርግፎ ክሪክ የሚፈልግ ቤተሰብ መንገዱ ላይ አይጠፋም።

ፋርማሲ ጥግ፦

መድኃኒቱን በልጆቹ ክብደት ነው የምትገዢው። ከመሄድሽ በፊት ሦስቱንም መዝኚ፣ ቁጥሩን በስልክሽ ያዢ።

ለትኩሳት ፓራሲታሞል ሽሮፕ፦ ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም፣ በየ6 ሰዓቱ፣ በቀን ከ4 ጊዜ አይበልጥም። ሽሮፖች ይለያያሉ፤ ጠርሙሱ ላይ «በ5 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊ ግራም» ካለ ለ10 ኪሎ ልጅ 5 ሚሊ ሊትር ይበቃል። በሻይ ማንኪያ አትለኪ፣ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ያዢ።

ለተቅማጥ ለምለም (ኦአርኤስ)፣ 6 ፓኬት። ስህተቱ ሁልጊዜ እዚህ ነው፦ አንዱ ፓኬት በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ነው የሚበጠበጠው። በግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውስጥ ሙሉውን መጨመር ጨው ያበዛል፣ ልጁን ይጎዳል። ፓኬቱን በግምት ከፍሎ መበጥበጥም ልክ አይደለም። ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈው ይደፋ። ለትንሹ ከእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ለ5 ዓመቷ ከ100 እስከ 200። ካስመለሰው 10 ደቂቃ ጠብቀሽ በማንኪያ ቀስ በቀስ ቀጥዪ። ዚንክ 20 ሚሊ ግራም በቀን አንዴ፣ ለ10 ቀን፤ ተቅማጡ ቢቆምም ይጨረስ። ጡቱ አይቋረጥ። ደም ከታየ፣ ዓይኑ ከጎደጎደ ወይም ለ6 ሰዓት ካልሸና ሐኪም ቤት ነው። ከሌላ ጊዜ የተረፈ አንቲባዮቲክና የአዋቂ የተቅማጥ ማቆሚያ ለልጅ አይሰጥም።

መኪና ለሚያስመልሳት፦ ዲሜንሃይድሪኔት ከ2 ዓመት በላይ ላለ ልጅ ይሆናል፤ ለ5 ዓመት ከ12.5 እስከ 25 ሚሊ ግራም፣ ከመነሳታችሁ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ። ያስተኛታል። ፕላሲል (የማስመለስ ማቆሚያው) ግን ለልጅ በራሳችሁ አትስጡ፤ አንገትና መንጋጋን የሚያጣምም ነገር ያመጣል፣ ወላጅ የሚጥል በሽታ መስሎት ይደነግጣል። ያለ መድኃኒትም ብዙ ይቻላል። ጠዋት ወተትና እንቁላል ይቅር፣ ደረቅ ዳቦ ይብቃት። ስልክና የስዕል መጽሐፍ መኪና ውስጥ አይሰጣት፣ ሩቅ ትይ። ሁለት ሁለት ፌስታል ደርባችሁ ከፊቷ ኪስ ውስጥ አስቀምጡ፤ ነጠላ ፌስታል ሥሩ ቀዳዳ አይጠፋውም።

ወባ። አዲስ አበባ ያደገ ልጅ ለወባ ምንም የተላመደ አቅም የለውም። ላንጋኖም ሐዋሳም ከ2,000 ሜትር በታች ናቸው፤ አርባ ምንጭ 1,300 ሜትር እንኳን አይሞላም። ዋናው ወቅት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው፣ በጥር ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። የመከላከያ ክኒን ያስፈልጋቸው እንደሆነ የሕፃናት ሐኪም በክብደታቸው ይወስን። አጎበር የራሳችሁን ያዙ፤ የሆቴሉ ብዙ ጊዜ የተቀደደ ወይም ፍራሽ ሥር ለመሸጎጥ የሚያጥር ነው። ከ11 ሰዓት ጀምሮ ረጅም እጅጌና ካልሲ። የሚቀባው መከላከያ ከፀሐይ ክሬሙ በኋላ ይቀባል፣ የትንሹ እጅ ላይ አይቀባም፣ አፉ ውስጥ ይከተዋልና። ከተመለሳችሁ በኋላ ባለው አንድ ወር ውስጥ ትኩሳት ከያዛቸው በዚያው ቀን የደም ምርመራ፣ «ቆላ ነበርን» ብላችሁ ተናገሩ። ይሄን ስለማይናገሩ በጉንፋን የሚታከሙ ልጆች ብዙ ናቸው።

አዞ ገበያ፦

ባለ መሪው ልክ ነው፣ ግን አርባ ምንጭን ጨርሳችሁ አትተዉት። ለ9 ዓመት ልጅ ጫሞ ሐይቅ ላይ አዞና ጉማሬ ማየትና ዶርዜ ላይ ቆጮ ሲጋገር ማየት ከየትኛውም የመዋኛ ገንዳ ይበልጣል። ሌላ ጊዜ በአውሮፕላን ሂዱ፤ አንድ ሰዓት ያህል ነው። ሲነሳና ሲወርድ ትንሹ ይጥባ፣ ጆሮውን ይከፍትለታል።

የልጆች እናት፦

አመሰግናለሁ! አርባ ምንጭ ወጥቷል፣ ወንበሩም ይገዛል። ላንጋኖ 2፣ ሐዋሳ 3። ውሃው ላይስ? ልጆቹ የሚያወሩት ስለ ዋና ብቻ ነው። ምግብና ሆቴልም ላይ የምታውቁትን ጨምሩልኝ።

ሐይቅ ዳር፦

ዋናው ላንጋኖ ላይ ይሁን። ላንጋኖ ቢልሃርዝያ የለበትም ይባላል፤ ባቱና ሐዋሳ ሐይቅ ግን አለባቸው፣ እዚያ እግር መንከርም ይቅር። ላንጋኖ የራሱ ጣጣ አለው፦ ውሃው ቡናማ ነው። ልጅ ግማሽ ሜትር ከገባ ከላይ አይታይም። ስለዚህ የዋና ልብሱ ደማቅ ብርቱካናማ ወይም ቀይ ይሁን፤ ሰማያዊና ቡናማ ውሃው ውስጥ ይጠፋል። ለ5 ዓመቷ አንድ አዋቂ እጁን ዘርግቶ የሚደርስባት ርቀት ላይ ውሃ ውስጥ ይቁም፣ ዳር ወንበር ላይ አይደለም። ጠዋት ይዋኙ፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ውሃው ይናወጣል። የሚነፋ የእጅ ጎማና ኳስ ወደ መሐል ይነዳል፣ ልጅም ይከተለዋል።

ላንጋኖ በሁለተኛው ቀን ጠዋት አብያታ ሻላ ግቡ፣ ሰጎኖቹ ከበሩ ሳትርቁ ነው የምታይዋቸው። ሻላ ዳር ያለው ፍል ውሃ ግን እውነተኛ ፍል ነው፣ የሚቀቅል። ትንሹ ታዝሎ፣ የ5 ዓመቷ በእጅ ተይዛ።

ሐዋሳ ላይ አሞራ ገደል ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት ነው ደስ የሚለው፤ ዓሣው ሲራገፍ አባ ኮዳዎቹ (ትልልቆቹ ወፎች) ይሰበሰባሉ። ከትንሹ ቁመት ይበልጣሉ፣ ምንቃራቸውም ቀላል አይደለም፤ ልጅ ዓሣ ይዞ አይመግባቸው። ጦጣዎቹ ከልጅ እጅ ሙዝ ይነጥቃሉ። ከነከሱ ወይም ከቧጨሩ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ አጥባችሁ ለእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ሂዱ። የተጠበሰ ቆሮሶ (ቲላፒያ ዓሣ) ለልጅ አይታዘዝ፣ እሾህ አለው። ጉላሽ ወይም ኮተሌት እዘዙና በጣት ፈትሹት።

ጀልባ ላይ የልጅ መንሳፈፊያ ጃኬት አለን ይሏችኋል። አልብሳችሁ ትከሻው ላይ ይዛችሁ ወደ ላይ ሳቡት፤ ጆሮውን ካለፈ የአዋቂ ነው። ለ1 ዓመት ከ2 ወር ልክ ካልተገኘ አንዳችሁ ከትንሹ ጋር ዳር ቅሩ።

ሆቴሉን በስልክ ስትይዙ ዋጋውን ብቻ አትጠይቁ። ምድር ቤት ክፍል አለ? በረንዳው ላይ የብረቶቹ ክፍተት ልጅ ያሳልፋል? ገንዳው አጥር አለው? ሙቅ ውሃ በስንት ሰዓት ነው? ተጨማሪ ፍራሽ ስንት ነው? ቅዳሜ ማታ ሙዚቃው ከየት በኩል ነው? የመጨረሻውን ሐዋሳ ላይ አትዝለሉት። ቀን ስትመርጡም ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 የሐዋሳ ገብርኤል ነው፣ አልጋ የለም፤ ጥር መጨረሻ ከጥምቀትም ያመልጣል፣ ጥሩ ነው።

ምግብ፦ ቆሎ ለትልቁ ብቻ፣ ለትንሹና ለ5 ዓመቷ አይሰጥም፤ መኪና ሲነጥር ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ድፎ ዳቦ፣ ሙዝ፣ ብርቱካን፣ በሶ። ምግብ ቤት ውስጥ ሰላጣ ይቅር፣ ትኩስ ፍርፍር በአልጫ አስደርጉ። ለዱቄት ወተት ጠዋት የፈላ ውሃ በፔርሙዝ ይያዝ፤ ዱቄቱ በደረቅ ጡጦዎች ተለክቶ ይቀመጥና ሲርበው ብቻ ይበጥበጥ። ተበጥብጦ 2 ሰዓት ያለፈው ይደፋል። ዳይፐር በቀን 6 ብላችሁ 40 ያዙ፤ ሐዋሳ ላይ ይገኛል፣ ላንጋኖ ላይ አይገኝም።

ፋርማሲ ጥግ፦

አንድ ነገር ልጨምር፦ መድኃኒቱ ሻንጣ ማስቀመጫው ውስጥ አይሁን። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ሽሮፑን ያበላሸዋል። በእጅ ቦርሳ፣ ከእናትየው እግር ሥር።