መድኃኒት የሚያደርሱ ካቴተሮች እንዳይታጠፉ ማጠናከር በሕግ ይገደድ?

አወያይ፦
ባለፈው ውይይታችን አንድ ሐኪም «ግድግዳው ያልተጠናከረ ካቴተር በሰው አካል ውስጥ እንዲቀመጥ መፈቀድ የለበትም» የሚል አስተያየት ሰጥተው ነበር። አስተያየቱ ብዙ ምላሽ ስላስነሣ ለብቻው እንዲታይ ወስነናል። ጥያቄው እንዲህ ነው፤ ፈሳሽ መድኃኒት ወደ ሰውነት ውስጥ የሚያደርሱ ቀጫጭን ቱቦዎች ሲቆለመሙ ታጥፈው እንዳይዘጉ፣ አምራቾች ግድግዳቸውን በጥምዝ ሽቦ ወይም በተጎነጎነ ክር እንዲያጠናክሩ ተቆጣጣሪ አካላት ያስገድዱ ወይስ አያስገድዱ? ተሳታፊዎች ከጉዳዩ ሳይወጡ ምክንያታቸውን እንዲያስረዱ እንጠይቃለን።

የሕመም ሕክምና ሐኪም፦
ያንን አስተያየት የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ አቋሜም ያው ነው። ባክሎፌን የተባለውን መድኃኒት ለከባድ የጡንቻ ግትርነት ስንጠቀም ፓምፑ ከሆድ ቆዳ ሥር ይቀመጣል፤ ከእሱ የሚነሣው ካቴተር ደግሞ ከቆዳ ሥር በጎን በኩል ዞሮ በጀርባ በመግባት ኅብለ ሰረሰርን ወደከበበው ፈሳሽ ይደርሳል። በዚህ ረጅም መንገድ ላይ ቱቦው በአንዲት ነጥብ ታጥፎ መድኃኒቱ በድንገት ቢቋረጥ ከፍተኛ ትኩሳት፣ የአእምሮ መዛባት፣ ከቀድሞው የባሰ ግትርነትና የጡንቻ ሕዋሳት መፈራረስ ይከተላሉ፤ ሲከፋም የብዙ የሰውነት ክፍሎች ሥራ ቆሞ ታካሚው ሊሞት ይችላል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በመድኃኒቱ መግለጫ ላይ ስለ ድንገተኛ መቋረጥ ከፍተኛውን የማስጠንቀቂያ ደረጃ ያስቀመጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ከዚህ ሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ፓምፑ መዘጋቱን አለማወቁ ነው። በሥራ ላይ ካሉት የዚህ ዓይነት ፓምፖች ብዙዎቹ የቱቦ መዘጋትን ለይተው አያስጠነቅቁም፤ መድኃኒቱን እያደረሱ እንደሆነ ቆጥረው ሥራቸውን ይቀጥላሉ። እኛም የምናውቀው ታካሚው ታሞ ሲመጣ ነው፤ ከዚያ በኋላ በፓምፑ የጎን ቀዳዳ ፈሳሽ ለመሳብ እንሞክራለን፣ በራጅ የሚታይ ቀለም ሰጥተን ጉዞውን እንከታተላለን። በእነዚህ መሣሪያዎች ላይ ከሚደርሱት ብልሽቶች የሚበዙት ከፓምፑ ሳይሆን ከካቴተሩ የሚመነጩ ስለሆኑ፣ ችግሩ ያለበትን ክፍል እንዲያጠናክሩ አምራቾችን ማስገደድ ምን ነውር አለው?

የባዮሜዲካል መሐንዲስ፦
ዶክተር የጠቀሱት አደጋ እውነት ነው፤ የማልስማማው በመድኃኒቱ ላይ ነው፤ የባክሎፌኑን ሳይሆን ለችግሩ ያዘዙትን ማለቴ ነው። አንድ ቱቦ ሲቆለመም የውጭው ግድግዳ ይወጠራል፣ የውስጡ ይጨመቃል፣ ክብ የነበረውም ቅርጹ ወደ ሞላላነት ይለወጣል። ሞላላ በሆነ ቁጥር መቆልመምን የመቋቋም ኃይሉ ስለሚቀንስ፣ ከተወሰነ ደረጃ ሲያልፍ ጉብጠቱ በቱቦው ርዝመት ላይ መዳረሱን ትቶ በአንድ ነጥብ ላይ በድንገት ይታጠፋል። ይህን የቀጫጭን ሲሊንደሮች ጠባይ ብሬዚየር የተባለው ተመራማሪ በ1927 በስሌት አሳይቶታል። እጥፋቱ የሚመጣበትን ጊዜ የሚወስኑት የግድግዳው ውፍረት ከዲያሜትሩ ጋር ያለው ንጽጽርና የቁሱ ጠባይ ናቸው።

እንግዲህ ንድፍ አውጪው ያሉት አማራጮች ጥቂት ናቸው። ግድግዳውን ቢያወፍር የውጭው ዲያሜትር መጨመር ስለማይችል የውስጡ ክፍተት ይጠባል፤ ፍሰት ደግሞ ከራዲየሱ አራተኛ ርቢ ጋር የተመጣጠነ ስለሆነ፣ የውስጡ ዲያሜትር ከ0.8 ወደ 0.6 ሚሊ ሜትር ሲወርድ በዚያው ግፊት የሚያልፈው ፈሳሽ ወደ አንድ ሦስተኛ ግድም ይቀንሳል። ሲሊኮን ለስላሳና ታጥፎ የሚመለስ ቢሆንም በቀላሉ ይቀደዳል፣ ስለዚህም ወፍራም ግድግዳ ይፈልጋል፤ ፖሊዩሬቴን የተባለው ፕላስቲክ ጠንካራ በመሆኑ ግድግዳው ሊሳሳ ይችላል፣ ነገር ግን ሳስቶ ሲሠራ ለመታጠፍ ይቀርባል። በግድግዳው ውስጥ የማይዝግ ብረት ሽቦ ቢጠመዘዝ ክብነቱ ይጠበቃል፤ ሆኖም ሽቦው ከአቅሙ በላይ ከተጫነ ተጨፍልቆ ይቀራል። ሐኪሞች ይህን ከመተንፈሻ ቱቦ ያውቁታል፤ በሽቦ የተጠናከረ የመተንፈሻ ቱቦ በታካሚው ጥርስ ከተነከሰ ወደ ቀድሞ ቅርጹ አይመለስም። ናይቲኖል የተባለው የኒኬልና የታይታኒየም ቅይጥ እስከ 8 በመቶ ግድም ተለጥጦ መመለስ ይችላል፤ እሱን ከፕላስቲክ ጋር አዋሕዶ መሥራት ግን ቀላል አይደለም። ከፖሊስተር ክር የተጎነጎነ ማጠናከሪያ ደግሞ ብረት የለበትም፣ ሲጫኑትም ይመለሳል። እነዚህ ሁሉ «የተጠናከረ» ይባላሉ። ሕጉ «ይጠናከር» ብቻ ካለ በጣም የከፋው ንድፍም ሕጉን አሟልቶ ያልፋል።

የሰመመን ሐኪም፦
በወሊድና በቀዶ ሕክምና ጊዜ የምንጠቀምባቸው የኤፒዱራል ካቴተሮች፣ ማለትም ማደንዘዣን በጀርባ በኩል ከኅብለ ሰረሰር ሽፋን ውጭ የሚያደርሱ ቱቦዎች፣ በዚህ ክርክር ውስጥ መግባት አለባቸው፤ ምክንያቱም ደንቡ ሲወጣ እነሱንም ማካተቱ አይቀርም። በውስጣቸው ጥምዝ ሽቦ ያላቸውን እኔ እመርጣለሁ፤ ጫፋቸው ለስላሳ ስለሆነ ወደ ደም ሥር የመግባትና ነርቭ የመንካት ዕድላቸው ያነሰ ነው። ነገር ግን ሲወጡ በኃይል ከተሳቡ ሽቦው የሚተረተርበት አጋጣሚ አለ፤ ከእነሱ አንዳንዶቹም ታካሚው በኃይለኛ ማግኔት ወደሚሠራው የኤምአርአይ ምርመራ ክፍል ከመግባቱ በፊት እንዲወጡ የሚያዝ ማስጠንቀቂያ አላቸው። ለጥቂት ቀናት የሚቆይን ቱቦና ለዓመታት የሚቀመጥን ቱቦ በአንድ አንቀጽ ማሰር አይገባም።

የፅኑ ሕሙማን ነርስ፦
እስካሁን የጻፉት ሁሉ ቱቦው ከሰውነት ውስጥ እንደሚታጠፍ አድርገው ነው የሚናገሩት። እኔ በየዕለቱ የማየው እጥፋት ግን በሦስት ቦታ የሚደርስ ነው፤ ካቴተሩ ከቆዳ በሚወጣበት፣ በፕላስተሩ ሥርና ከማያያዣው ጋር በሚገናኝበት። ሦስተኛው በተለይ የንድፍ ጉድለት ነው፤ ደረቅ ማያያዣ ከለስላሳ ቱቦ ጋር በድንገት ስለሚገናኝ ጉብጠቱ ሁሉ ወደዚያች መስመር ይሰበሰባል። መካከሉ የተጠናከረ ቱቦ እንኳ በዚያ ቦታ ሲታጠፍ አይቻለሁ። ጥንካሬው ቀስ በቀስ የሚቀንስ አንድ ትንሽ እጀታ ቢኖረው የሚፈታ ነገር ነው።

የአውቶማቲክ ፓምፕ ደወል ያድነናል የሚል ካለም ስሌቱን ይመልከት። ከመዘጋቱ በኋላ ግፊቱ ወደ ደወሉ መጠን እስኪደርስ በስሪንጁና በመስመሩ ውስጥ 0.5 ሚሊ ሊትር ይጠራቀማል ብንል፣ በሰዓት 5 ሚሊ ሊትር የሚሰጥ ፓምፕ በ6 ደቂቃ ውስጥ ይጮኻል፤ በሰዓት 0.1 ሚሊ ሊትር የሚሰጠው ግን 5 ሰዓት ይፈጅበታል። ቀጥሎ የሚመጣውም ሌላ አደጋ ነው፤ እጥፋቱ ዝም ብሎ ሲፈታ የተጠራቀመው በአንድ ጊዜ ወደ ታካሚው ይገባል። የልብ ወይም የደም ግፊት መድኃኒት ከሆነ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ስለዚህ መጀመሪያ ፓምፑን ማቆምና ወደ ታካሚው የሚሄደውን መስመር ዘግቶ ግፊቱን ማስተንፈስ ይገባል። አዲስ ባልደረቦቻችን ይህን ቅደም ተከተል የሚማሩት ዘግይተው መሆኑ ያሳዝነኛል፤ ይህ ግን የሌላ ቀን ጉዳይ ነው።

የኢንሱሊን ፓምፕ ተጠቃሚ፦
ሲስተር ያቀረቡት ስሌት በእኛ ላይ ይብሳል። በተለመደው ኢንሱሊን 1 ሚሊ ሊትር ውስጥ 100 ዩኒት አለ፤ በሰዓት ግማሽ ዩኒት የሚወስድ ሰው በሰዓት የሚደርሰው 0.005 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። ለስላሳው የቴፍሎን ቱቦ ሲገባ ከቆዳ ሥር ቢታጠፍ፣ ደወሉ ከመሰማቱ በፊት የደም ስኳር ሊያሻቅብና ኬቶን የተባለው፣ ኢንሱሊን ሲጠፋ በደም ውስጥ የሚከማች አሲድ ሊጠራቀም ይችላል። የብረት መርፌ ያለው ዓይነት አይታጠፍም፤ በምትኩ ቶሎ ቶሎ መለወጥ ያስፈልገዋል፣ ሲንቀሳቀሱም ይሰማል። እኔ የብረቱን መርጫለሁ፤ ለስላሳውን የሚመርጡ ሰዎችም ምክንያት አላቸው። ሕጉ አንዱን ከገበያ እንዲያስወጣ አልፈልግም። ይህን የምለው ቱቦውን በገላዬ የምሸከመው እኔ ስለሆንኩ ነው።

የሕመም ሕክምና ሐኪም፦
የሁላችሁንም አነበብኩ። ከቆዳ ውጭ ያለውን ቱቦ ሲስተር ያዩታል፤ ኢንሱሊን የሚወስዱትም ሰው በዚያው ዕለት ነቅለው ሊለውጡት ይችላሉ። እኔ የምከራከረው ማንም ሳያየው በአካል ውስጥ ለዓመታት ስለሚቀመጠው ነው፤ ግዴታው በእሱ ላይ ይወሰን። ለኢንጂነር ደግሞ አንድ ጥያቄ አለኝ። የእኔ ፓምፖች በቀን ከ1 ሚሊ ሊትር በታች ነው የሚሰጡት፤ እንዲህ ባለ ፍሰት የአራተኛው ርቢ ስሌት ምን ያስጨንቀናል? ክፍተቱ ቢጠብም ግድግዳው ይወፍር።

የባዮሜዲካል መሐንዲስ፦
ነጥቡ ትክክል ነው፤ እንዲያውም ዶክተር ካቀረቡት በላይ ይሄዳል። በስበት ኃይል በሚወርድ ፈሳሽ ከረጢቱ ከታካሚው 1 ሜትር ከፍ ቢል የሚገኘው ግፊት 74 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ያህል ነው፤ እዚያ ላይ ከፊል እጥፋት እንኳ ፍሰቱን ወዲያው ይቀንሰዋል። የተወሰነ መጠን እየቆነጠረ የሚገፋ ፓምፕ ግን ግማሽ በተዘጋ ቱቦም ያንኑ መጠን ያሳልፋል፤ መድኃኒቱ የሚቋረጠው ቱቦው ፈጽሞ ሊዘጋ ሲቃረብ ነው። በሚለጠጥ ፊኛ የሚሠሩት ደግሞ ፍሰታቸውን የሚወስን የራሳቸው ማጥበቢያ ስላላቸው ትንሽ እጥፋት ብዙም አይለውጣቸውም። ስለዚህ «ፍሰቱ በዚህን ያህል በመቶ ከቀነሰ ቱቦው ወድቋል» የሚል አንድ መለኪያ ለሁሉም አይሆንም።

እኔ ከማጠናከር ግዴታ ይልቅ የምደግፈው የፈተናውን ሁኔታ ማስገደድ ነው። ስለ ካቴተር እጥፋት አፈታተን የሚናገር ኢኤን 13868 የተባለ የአውሮፓ ደረጃ ከ2002 ጀምሮ አለ፤ እንግዲህ መነሻ አላጣንም። ፖሊዩሬቴን በሙቀትና በእርጥበት ይለሰልሳል፤ በደረቅ ክፍል የተፈተነ ቱቦ ውጤቱ ሊያታልል ይችላል። ፈተናው በ37 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ቱቦው በፈሳሽ ውስጥ ቆይቶ፣ ደጋግሞ ተቆልምሞ፣ ከማያያዣው ጋር ሆኖ ይደረግ። ሳይታጠፍ የሚችለው ትንሹ የጉብጠት ራዲየስም በማሸጊያው ላይ ይጻፍ። ግቡ ላይ እንዴት እንደሚደርስ አምራቹ ይወስን።

የቁጥጥር ባለሙያ፦
በሙያዬ ያየሁት ነገር ከኢንጂነር ሐሳብ ጋር ይቀራረባል፤ ንድፍን የሚያዝ ደንብ የተሻለ ንድፍ በመጣ ቁጥር እንቅፋት ይሆናል፣ ውጤትን የሚያዝ ደንብ ግን አብሮ ይሄዳል። በተጨማሪም ማጠናከር የማይፈታው እጥፋት አለ። ወደ ደረት ደም ሥር የሚገባ ካቴተር ክላቪክል በተባለው አጥንትና በመጀመሪያው የጎን አጥንት መካከል ሲያልፍ፣ ክንድ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ይቆነጠጣል፤ በ1984 ኤይትከንና ሚንተን የተባሉ ሐኪሞች ምልክቱን በራጅ ላይ ገልጸውታል። ቱቦው ቆይቶ ሊቆረጥና ቁራጩ ወደ ልብ ሊሄድ ይችላል። መፍትሔው የመግቢያውን ቦታ መለወጥ ነው፤ ወፍራም ሽቦ በዚያ መቀስ ውስጥ ጊዜ ይገዛ እንደሆነ እንጂ አያድንም።

የሕመም ሕክምና ሐኪም፦
በማሸጊያ ላይ የተጻፈ ቁጥር ለእኔ ምን ይሠራልኛል? በቀዶ ሕክምናው ዕለት ቱቦውን ሰፋ ባለ ቀለበት አዙሬ፣ በማሰሪያ አጥብቄ እወጣለሁ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ታካሚው ክብደት ሲጨምር ወይም ፓምፑ በቦታው ሲገላበጥ ግን ራዲየሱን የሚለካልኝ የለም። ቁጥሩ ጥሩ ነው፤ ዝቅተኛው የብቃት መጠን በሕግ ካልተወሰነ ግን አምራቹ መጥፎውንም ቁጥር ጽፎ ይሸጣል።

የባዮሜዲካል መሐንዲስ፦
ዝቅተኛው የብቃት መጠን በአካል ውስጥ ለሚቀመጡት ብቻ ይወሰን ከተባለ አልቃወምም። ዶክተር ያላነሡትን አንድ ነጥብም በእርሳቸው በኩል ልጨምር፤ ለስላሳ ሲሊኮን ከእጥፋቱ በስተኋላ ስለሚነፋ ግፊቱ ቶሎ አይወጣም። የተጎነጎነ ክር ያለው ግድግዳ ግን አይነፋም፤ ወደፊት ፓምፖቹ ግፊት የሚለካ መሣሪያ ቢገጠምላቸው መዘጋቱ ቶሎ ይታወቃል። ሆኖም ፍሰቱ በጣም ዝግተኛ ስለሆነ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ለንጽጽር ያህል፣ ውስጡ 0.5 ሚሊ ሜትር የሆነ 60 ሴንቲ ሜትር ቱቦ 0.12 ሚሊ ሊትር ያህል ይይዛል፣ በቀን 0.2 ሚሊ ሊትር ሲሰጥ ይህን ለመሙላት ብቻ 14 ሰዓት ያህል ያልፋል። ቱቦው ተቀይሮ ባዶውን ከተገጠመ መጀመሪያ መሞላት ያለበትም ለዚህ ነው።

የኢንሱሊን ፓምፕ ተጠቃሚ፦
ደንቡ ቢወጣ አሮጌው ቱቦ በአካላቸው ውስጥ ያለ ሰዎች ምን ይሆናሉ? ሁሉም ቀዶ ሕክምና ይደረግላቸዋል?

የሕመም ሕክምና ሐኪም፦
አይሆንም። በደንብ የሚሠራን ቱቦ ለማውጣት ጀርባን እንደገና መክፈት የኢንፌክሽንና የኅብለ ሰረሰር ፈሳሽ መፍሰስ አደጋ አለው። የፓምፑ ባትሪ አልቆ ሲቀየር ቱቦውም ይፈተሽ፤ ፈሳሽ በቀላሉ ከተሳበበትና በራጅ ላይ የሾለ ጉብጠት ካልታየበት ባለበት ይቆይ፤ እስከዚያው ግን ታካሚውና ቤተሰቡ የድንገተኛ መቋረጥን ምልክቶች በጽሑፍ ይያዙ።