የዲኤክስ የነዳጅ ቱቦ የቀየራችሁ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። የአባቴ ኮሮላ ዲኤክስ አራት ኪሎ ቆማ ቀርታለች። ባለ ካርቡሬተር ናት። ከሰልባትዮው (ከቤንዚን ማጠራቀሚያው) ወደ ሞተር የሚሄደው የብረት ቱቦ ዝጎ ቤንዚን ያንጠባጥባል። የተበላው ከኋላ ወንበር ስር፣ ቱቦው ከቦዲው ጋር የተያዘበት ቦታ ላይ ነው። እዚያ ጭቃ ይጠራቀማል። መያዣውን ገለጥ ሳደርገው ዝገቱ እንደ ቅርፊት ተነሳ፤ ከስሩ ቤንዚን ወዲያው ወዛ። ሽታው መኪናው ውስጥ ድረስ ይገባል።

ባትሪውን ነቅዬ አቁሜያታለሁ። ግቢው ውስጥ ልጆች ይጫወታሉ። ሲጋራ የያዘ ሰው ሲጠጋ ባየሁ ቁጥር ልቤ ይመታል።

ያማከርኳቸው መካኒኮች አልተስማሙም። አንዱ የተበላሸውን ቆርጠን በጎማ ቱቦ እንቀጥለው ይላል። ሌላው የፍሪጅ የመዳብ ቱቦ ይሻላል ባይ ነው። እኔ ሁለቱም አልተዋጠልኝም። መዳብ ንዝረት ሲበዛበት ይሰነጠቃል። ጎማውም የነዳጅ ካልሆነ ቤንዚን ይበላዋል፤ በዚያ ላይ ጭስ ማውጫው ቅርብ ነው። ሶማሌ ተራ ያየሁት ጎማ ላይ ምንም ጽሑፍ የለበትም፤ ሻጩ ግን «የቤንዚን ነው» ብሎ ይምላል።

አዲስ የብረት ቱቦ በልኩ አጥፎ፣ ጎማው እንዳይሾልክ ጫፉን አበጥ አድርጎ የሚሠራ ባለሙያ መሃል ከተማ የምታውቁ እባካችሁ ጠቁሙኝ። መንዳት ስለማልችል እዚሁ ድረስ ቢመጣልኝ ደስ ይለኛል። ትርፍ ቤንዚን ወደ ሰልባትዮው የሚመልሰው የመመለሻ ቱቦም ከጎኑ ነው የሚሄደው። እሱንም አብሬ ልቀይር ወይስ ደህና ከመሰለ ልተወው? ሰልባትዮው ሳይወርድስ ሥራው ይቻላል?